ፈታይዋ ይርገዱ እና አፈኛው ኩታ ነጋዴ

መጨረሻ ላይ የምትሰሙትን ተረት የማይተርት የለም፤ ሽማግሌ ሁሉ ጉሮሮውን ጠርጎ ጣል ያደርገዋል። ከተረቱ ጀርባ አንዲት ፈታይ እንዳለች ግን ማንም ትዝ አይለውም፤ ስለዚህ እኔ ልንገራችሁ።

ስሟ ይርገዱ ነው። ባሏ ሞቶባት ከሁለት ልጆች ጋር የቀረች ሴት ናት፤ እጇ ግን ጥጡን እንደ ፀጉር አቅጥኖ ነው የሚያወጣው። ደርበው የሚባል ኩታ ነጋዴ በዓመት አሥራ ሁለት አሞሌ ጨው ሊከፍላት ተስማማና ቤቱ አስገብቶ ያስፈትላት ጀመር። ዓመቱ ሊሞላ ወር ሲቀረው ታዲያ፣ አምስቷን አሞሌ ብቻ ሰጥቶ ሲያበቃ፣ በቃሽኝ ብሎ አስወጣት። ክረምት ገብቷል፤ ለልጆቿ የምትሰፍረው እህል የለም። ሲዋዋሉም ምስክር አልነበረ።

ሌላዋ ብትሆን አልቅሳ ትቀር ነበር። ይርገዱ ግን መንገድ ላይ ጠብቃ «በሕግ አምላክ» ብላ አቆመችው። ያኔ እንዲህ ከተባለ እንኳን ነጋዴ የሚሮጥ ሌባም ይቆማል። በወጉ መሠረትም መጀመሪያ ያገኙትን መንገደኛ፣ ማረሻ ገዝቶ ከገበያ የሚመለስ ሽማግሌ፣ ዳኛ አድርገው ድንጋይ ላይ አስቀመጡት፤ እሱም እንደ ወጉ፣ አንዱ ጥሎ እንዳይሄድ፣ የኩታውንና የነጠላዋን ጫፍ አንድ ላይ ቋጠረ።

ይርገዱ ከአሥራ ሁለቱ የቀራትን ሰባት አሞሌ እንዲከፍላት አመለከተች፤ ደርበው ግን ሙግት ያውቃል። ዘንጉን እየነቀነቀ፣ ግጥም እያወረደ፣ ሴትዮዋ ቅጥረኛው እንዳልሆነች፣ የሩቅ ዘመዱ ሆና በእንግድነት መጥታ እንጀራውን ስትበላ እንደከረመች፣ አሞሌውንም አዝኖላት እንደሰጣት አስረዳ። ሰው መሰብሰቡን ሲያይማ ጭራሽ ባሰበት።

ይርገዱ ያን ሁሉ እስኪጨርስ ሰማች። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች።

«እንግዳ ከሆንኩ፣ ጌታዬ፣ ምን አጥፍቼ ነው ያስወጡኝ?»

«ስንፍናሽ ነዋ! በቀን ሁለት ልቃቂት እያልኩሽ አንድ ተኩል እያመጣሽብኝ።»

ዳኛው ሳቁን በጋቢው ሸፈነ። «እኛ ቤት እንግዳ ሲመጣ እግሩን እናጥባለን። እናንተ ቤት ልቃቂት ይቆጠርበታል?»

ሰው አውካካ። እኔ ብሆን እስኪመሽ ስለፈልፍ እውል ነበር፤ እሷ በአንድ ጥያቄ ጨረሰችው። ዳኛውም፣ ዓመቱ ሳይሞላ ያስወጣት ራሱ ነውና፣ የቀረውን ሰባት አሞሌ አሁኑኑ እንዲከፍላት ፈረደ።

ደርበው አፍሮ ሊሄድ ብድግ አለ። ቋጠሮውን ረስቶት ኖሮ፣ በንዴት ሲመነጭቀው ያ አዲስ ኩታው ከጫፍ እስከ ጫፍ ተተረተረ። ይርገዱ ቋጠሮውን ቀስ ብላ ፈትታ ነጠላዋን በደህና አጣፋች።

ሽማግሌውም ማረሻውን አንስቶ ወደ ደርበው ዞር አለና፣ «አየህ ልጄ» አለው፣ «ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል።»