ጭራቁን የከሰሰችው ትርንጎ

ድሮ፣ በጣም ድሮ፣ ተራሮች ገና ልጆች ሳሉ፣ ከወንዝ ማዶ አንድ ጭራቅ ነበር። ጥርሱ እንደ ማረሻ፣ ሆዱ እንደ ጎተራ። ሲርበው ወደ መንደር ይመጣል። ሲመጣ ሰው ሁሉ በሩን ይቀረቅራል። ያመለጠ ያመልጣል፤ ያላመለጠ ይበላል። ሰባት ዓመት እንዲህ ሆነ።

በመንደሩ ትርንጎ የምትባል ልጅ ነበረች። ድምፅዋ ዝግ ያለ፣ ቢሰድቧት የማትሳደብ፣ ቢገፏት የማትገፋ። ልጆቹ «ትርንጎን ዶሮም ታባርራታለች» እያሉ ይስቁባት ነበር። እሷ ዝም ትላለች። ዝም ያለ ሁሉ ግን ፈሪ አይደለም። ይህን የሚያውቅላት የአራት ዓመቱ ወንድሟ አለኸኝ ብቻ ነበር።

አንድ ቀን በጠራራ ፀሐይ ጭራቁ መጣ። አለኸኝን ከደጅ አፈፍ አድርጎ ስልቻው ውስጥ ከተተው። በሮች ተዘጉ። አጎቷ አያ ቢተው በበሩ ስንጥቅ «ግቢ አንቺ ልጅ፤ እሱ እንደሆነ አንዴ ተበልቷል» አላት።

ትርንጎ አልገባችም። ነጠላዋን አደግድጋ ሮጠች። ወንዙ ዳር ደረሰችበትና ፊቱ ቆመች።

«በሕግ አምላክ፣ ቁም» አለችው።

በዚያ አገር እንዲህ የተባለ ሰው ይቆማል። ከሳሽ የነጠላውን ጫፍ ከተከሳሽ ልብስ ጋር ይቋጥርና ተቆራኝተው ዳኛ ዘንድ ይሄዳሉ። በመንገድ ቋጠሮውን የፈታ ተረታ። ቃሉን የናቀውን ወይም ቋጠሮውን ሊበጥስ የተነሣውን ደግሞ መሬት አትሸከመውም። ይህን ሕፃን ሽማግሌው ያውቃል። ነገር ግን ሕጉ ለሰው ብቻ ይመስላቸው ነበርና ጭራቁን ቁም ያለው አንድም ሰው አልነበረም። ሁሉም ይሸሹት ነበር።

ጭራቁ ሳቀ። እየሳቀ አንድ እርምጃ ቢራመድ እግሩ እስከ ቁርጭምጭሚቱ መሬት ውስጥ ሰመጠ። ሳቁን አቆመ። ትርንጎም የነጠላዋን ጫፍ ከለበሰው ደበሎ ጋር ቋጠረች።

«ዳኛው ማነው?» አላት።

«ኮረብታው ላይ ያለው ዋርካ።»

«ዛፍ?»

«ይናገራል። ሂድ።»

ጭራቁ ሄደ። ነገር ግን በመንገዱ አልሄደም፤ እሾህ እሾሁን ይዞ ገሰገሰ። ቀጋው ክንዷን ቧጨራት፤ አጋሙ እግሯን ወጋት።

«ፍቺው» አላት።

«ዳኛው ዘንድ ይፈታል» አለችው።

ደግሞ ሄዱ። ጭራቁ ድምፁን አለሳለሰ። «የኔ እመቤት፣ ወንድምሽን ውሰጂው። እኔም ወዲያ ማዶ፣ ሌላ መንደር ሄጄ እበላለሁ። ማንም አያይሽም። ፍቺው።»

ትርንጎ ስልቻውን አየች። በቀዳዳው የአለኸኝ ጣት ወጥታ ትንቀሳቀስ ነበር። እጇ ወደ ቋጠሮው ሄደ። መልሳ ሰበሰበችው።

«ማዶ ያለውም የሰው ወንድም ነው። ዳኛው ዘንድ ይፈታል» አለችው።

ደግሞ ሄዱ። ኮረብታው ሥር ሲደርሱ ጭራቁ አልቻለም። ቋጠሮውን ሊበጥስ አፉን ከፈተ። ጥርሱ ነጠላውን ሳይነካው መሬት ተከፈተች። እስከ ጉልበቱ ገባ። እስከ ወገቡ ገባ። እስከ ደረቱ ገባ። ስልቻው ከትከሻው ላይ ተንከባለለ፤ አለኸኝም አቧራውን እያራገፈ ወጣ።

«እንሂድ፣ እታባ» አለ ልጁ። «ተዪው ይግባ።»

«ፍቺው» አለ ጭራቁም፣ አሁን እያለቀሰ። «ፍቺውና ሂጂ። እኔ አልቆልኛል።»

ወንድሟ ተገኝቷል። መንገዱ ክፍት ነው። ጭራቁ ከወጣ ደግሞ አፉ ከሁለቱም ይበልጣል። ትርንጎ ይህን ሁሉ ታውቃለች። እንዲያም ሆኖ ተንበረከከችና መዳፏን መሬት ላይ አደረገች።

«የተበደልኩት እኔ ነኝ። እኔ ቋጠሮውን ሊበጥስ መነሣቱን ምሬለታለሁ፤ አንቺም ማሪው» አለቻት።

መሬት ጭራቁን መልሳ ተፋችው። አፈር በአፈር ሆኖ ቁጭ አለ።

«ለምን?» አላት።

«ሊፈረድብህ እንጂ ልትሰምጥ አላመጣሁህም። ሂድ።»

ሄደ። እሾህም አልፈለገ፣ አልተናገረም።

ዋርካው ሥር ሲደርሱ የመንደሩ ሰዎች ዱላና ገጀራ ይዘው መጡ። ጭራቁ ታስሮ ሲሄድ አይተው ነው የደፈሩት። አያ ቢተው ከፊት ነበር።

«በሕግ አምላክ፣ ቁሙ» አለች ትርንጎ።

«ዞር በይ እንጂ፣ ልጄ። ሰባት ዓመት የበላን እኮ ነው።»

«ሲበላን የት ነበሩ፣ አያ?»

አያ ቢተው ዱላውን ወደ ኋላው ደበቀ።

«የተቆራኘ አይመታም» አለች። «እሱን የመታ እኔን ነው የሚመታ።»

ያን ጊዜ ዋርካው ቅጠሉን አራገፈና ተናገረ። «ሰባት ዓመት ሙሉ ከሳሽ አጥቼ ቆምኩ። ከሳሽ፣ ተናገሪ።»

«ሰባት ዓመት በላን። ወንድሜን ወሰደ። ሞቱን አልጠይቅም። ዳግመኛ እንዳይበላን ግን እጠይቃለሁ።»

«ተከሳሽስ?»

«ርቦኝ ነበር» አለ ጭራቁ።

«እኛንም ይርበናል» አለ አለኸኝ። «ግን ሰው አንበላም።»

ዋርካው ፈረደ። «የሰው ሥጋ የለመደ ጥርስ አይኖርህም። ሰው ላጎደልክበት ቤት ሁሉ ታርሳለህ። እንደ ሰው ሠርተህ እንደ ሰው ትበላለህ።»

ወዲያው ማረሻ የሚያህሉ ጥርሶቹ አንድ በአንድ ረገፉ። ልጆች እስከ አርባ ቆጥረው ጠፋባቸው። ጥርሱ በረገፈ ቁጥር ቁመቱ አጠረ። በመጨረሻ ከአያ ቢተው እምብዛም የማይበልጥ፣ ድዳም ሽማግሌ ሆነ። ትርንጎ ቋጠሮውን ፈታችና ነጠላዋን አጣፋች።

ከዚያ ወዲያ ባል የሞተባት ሴት እርሻ ሳይታረስ አድሮ አያውቅም። ጭራቁ ከበሬው ቀድሞ ይነሣል። ምሳው ሽሮ ነው፤ ሌላማ በምን ያኝከዋል? በመንደሩም በሮች ቀን ቀን ወለል ብለው ይውሉ ጀመር። ትርንጎ ያው ድምፅዋ ዝግ ያለ ነው። ስትናገር ግን ዝም ብለው ይሰሟታል።

ተረቴ እዚህ ደረሰች። ያልፈራ ይተኛ፤ የፈራ ወደኔ ጠጋ ይበል።