የእድሩ ዕቃ ቤት ቁልፍ

የእድሩ ዳኛ አቶ ደምመላሽ ዘመናቸው ካለቀ ቆይቷል፤ የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ግን ለማንም አያስረክቡም። ባለፈው እሁድ ቁልፉን በኪሳቸው ይዘው ናዝሬት ሠርግ ስለሄዱ፣ እናቷ የሞቱባት የአንዲት ዓይን አፋር ጎረቤታቸው ለቀስተኞች ዕቃ ቤቱ ውስጥ የተቆለፈበትን ድንኳን አጥተው ፀሐይ ላይ ዋሉ።

ያቺው ሴት በእድሩ የዳኛ ምርጫ ስብሰባ ቀን ለዳኝነት እመረጣለሁ ብላ ተነሣች። ሰው ፊት መናገር ያሳፍራት ስለነበር ይህን ሐሳቧን ለዓመታት በሆዷ ይዛው ኖራለች።

አቶ ደምመላሽ ቁልፉን ጨብጠው ብድግ አሉ። «በዚህ ዘመን ዳኛ እንግሊዝኛ ማወቅ አለበት! እስቲ ‹ሆልድ› ማለት ምን ማለት ነው? ካላወቅሽ ቁጭ በይ!»

ሴትዮዋ በነጠላዋ አፏን ሸፈን አድርጋ፣ «ጋሼ፣ መያዝ ነው፤ አሁን ቀኝ እጅዎ የሚያደርገው» አለች።

ሰዉ ሁሉ ወደ እጃቸው ዞረ።

«እሺ፣ አጠቃቀሙንስ?»

«አጠቃቀሙንማ እናቴን የቀበርን ዕለት አየነው።»

ዳኛው ላብ አጠመቃቸው። «ተቃራኒውንስ ታውቂያለሽ?»

«እሱን እንኳ አላውቀውም ጋሼ» አለች መዳፏን እየዘረጋች። «ዛሬ እርስዎ ያሳዩናል ብለን ነው የመጣነው።»