ዳስ ጣዩና የልክ ገመዱ

ሶፍትዌር የምትሠራው ትርሲት የቀድሞ መምህሯን እንዲህ ስትል ጠየቀቻቸው፦ «ጋሼ፣ ኮዳችን በተለወጠ ቁጥር ሰርቨሩ ባዶ ማሽን ላይ እንደ አዲስ ይገነባዋል። የሚያስፈልጉትን ላይብረሪዎች፣ ሌሎች ጽፈው ያዘጋጇቸውን የኮድ ክፍሎች ሁሉ፣ ከሩቅ እስኪያወርድ ቁጭ ብለን እንጠብቃለን፤ መስመር ሲቋረጥማ ሥራው ይቆማል። የወረደውን እናስቀምጥ ስላቸው ጓደኞቼ ‹ያረጀ ነገር ያበላሸናል› ይሉኛል። ማናችን ነን ትክክል?»

መምህሩም እንዲህ አሏት፦

አንድ ዳስ ጣይ ነበረ። ሠርግ በተደገሰ ቁጥር ወንዝ ተሻግሮ ከጫካ ምሰሶ ይቆርጣል። ሠርጉ ሲያልቅ ዳሱን አፍርሶ እንጨቱን ለጎረቤት ማገዶ ያድላል። ሚስቱ «ምሰሶውን እንኳ ለሌላ ጊዜ አስቀር» ስትለው፣ «የአምና ዳስ የአምና ሙሽራ ይቀመጥበት» ብሎ ይስቅባታል። እሷም «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች አሉ» ብላ ትተወዋለች።

አንድ ዓመት የአንዲት መበለት ልጅ ልትዳር ሆነ። በሠርጉ ዋዜማ ያለ ወሩ ዝናብ ጥሎ ወንዙ ሞላ። ሰውየው መጥረቢያውን ይዞ ከዳር ቆመ፤ ውሃው አላሳልፍ አለው። መበለቲቱ ያለቻት አንድ ልጅ ናት፤ ነገ እንግዳዋን ሜዳ ላይ ልታስቀምጥ ነው። ባዶ እጁን ወደ ቤቱ ተመለሰ።

ሚስቱ ግን ወደ ጓሮ ወሰደችው። ካለፈው ሠርግ ምሰሶዎቹን ደብቃ ከመሬት ከፍ አድርጋ ከምራቸው ነበር፤ የዚያን ዳስ ልክ የያዘ ገመድም አስራባቸዋለች። ሰውየውን ደስታ አቅሉን አሳተውና ተሸክሞ ሊሮጥ ሲል፣ «ቆይ እንጂ አንተ ሰው፤ መጀመሪያ ለካ» አለችው።

ገመዱን በመበለቲቱ ግቢ ዘረጋው፤ ሳይጎድል ሳይተርፍ ገጠመ። ከዚያ ምሰሶዎቹን በመጥረቢያው ጀርባ መታ መታ አደረጋቸው። ምስጥ የበላው ድምፁ ያስታውቃል፤ እሱን ጥሎ ከገዛ አጥሩ ነቅሎ ተካ። ሙሽራው ሲደርስ ዳሱ ቆሞ ነበር፤ መበለቲቱም ከደጃፉ እልል አለች። ሰውየው ከዚያ ወዲያ ደህና ምሰሶ ለማገዶ አልሰጠም፤ ገመዱን ሳይዘረጋም ዳስ አልጣለም።

መምህሩ ወደ ትርሲት ዞሩ። «ባዶው ማሽናችሁ የመበለቲቱ ግቢ ነው። ምሰሶው ላይብረሪው ነው፤ ጫካው ላይብረሪው የሚመጣበት ሩቅ ቦታ ነው፤ ገመዱ ደግሞ የላይብረሪዎቻችሁ ዝርዝር ከነቨርዥን ቁጥራቸው ነው። ዝርዝሩ ካልተለወጠ ያስቀመጥሽውን አውጪ፣ ደህና መሆኑን እዪና ተጠቀሚበት። ከተለወጠ ግን ምንም ቢርቅ ጫካ ውረጂ። አንቺም ጓደኞችሽም እውነት አላችሁ፤ የጎደላችሁ ገመዱ ነው። በይ ሂጂና እሰሪው፤ ወንዙ እስኪሞላ አትጠብቂ።»