የአህዪት አበልጅ

አንድ ጊዜ፣ ክረምቱ ሁለት ዓመት ተከታትሎ በቀረበት አገር፣ አንዲት አህያ ጡት ካልጣለ ውርንጭላዋ ጋር ትኖር ነበር። ወንዙ ደርቆ፣ ኩሬው ሁሉ የተሰነጠቀ ጭቃ ሆኖ፣ ውሃ የቀረው አንድ ቦታ ብቻ ነበር፤ እሱም አንበሳ ደጃፍ ላይ የምትፈልቀው ትንሽ ምንጭ ናት። አንበሳ ማንንም አያባርርም። ምንጩ አጠገብ ጋደም ብሎ ይውላል፤ የጠማው ቀርቦ ውል ይገባል።

አህዪትም ገባች።

«ድርቁ እስኪያልፍ ድረስ ጠጪ» አላት አንበሳ። «ወንዙ የሞላ ዕለት ግን አንድ ባለ አራት እግር ደጄ ይቁም። አንቺ ብትሆኚ፣ ልጅሽ ቢሆን፣ ሌላም ብታመጪ እኔ አልመርጥም።»

ጡቷ ደርቆ ልጇ በከንቱ ሲጠባ ለሚውልባት እናት እንዲህ ያለውን ውል እምቢ ማለት አይቻላትም። እሺ ብላ ጠጣች፤ ወተቷም ተመለሰ። ውርንጭላው ገላው ሞላ፣ ጆሮው ቀጥ አለ፣ አቧራ ላይ መንከባለል ጀመረ። እሷ ግን ደመና ባየች ቁጥር ልጇን ወደ ጎኗ ታስጠጋለች። አገር ምድሩ ዝናብ ሲለምን፣ ዝናብ እንዳይመጣ የምትለምን እሷ ብቻ ነበረች። እንደዚያ መለመን ኀጢአት መሆኑን ታውቃለች፤ ቢሆንም ለመነች።

ዝናቡ መጣ። ሦስት ቀን ሳያባራ ወረደ።

የአህዪት ጎረቤት አንድ ሽማግሌ በሬ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ሲያርስ የኖረ፣ ትከሻውን ቀንበር የላጠው፣ ግራ ቀንዱ ከመሃሉ የተሰበረ፣ ወሬ የማይወድ በሬ ነው። አህዪት በሦስተኛው ቀን ወደ እሱ ሄዳ አለቀሰች።

«አያ በሬ፣ ምን ይሻለኛል? እኔ ብሄድ ልጄ ጡት አልጣለም፤ ሳምንት አይቆይም። እሱን ብሰጥ ደግሞ እኔ ምን ብዬ እኖራለሁ? አድኜ እንዳላመጣ አህያ ነኝ።»

በሬው ሲያመነዥክ ቆየና፣ «ወንዙ ለመሙላት ስንት ቀን ይቀረዋል?» አላት።

«እንዲህ ከዘነበ ሁለት ቀን።»

«ሁለት ቀን» አለ በሬው። ከዚያ ማመንዠኩን ቀጠለ።

አህዪት ከፋት። ምክር ቢጠፋ እንኳ አይዞሽ የሚል ቃል ጠብቃ ነበር። በማግስቱ ጧት ብቅ ብትል ደግሞ በሬው ከቦታው የለም። የተኛበት ሣር በገላው ልክ ተጋድሟል፤ እሱ ግን ደህና ሁኚ እንኳ ሳይላት ሄዷል። «ቆላ ወርዶ ይሆናል፤ እዚያ ሣሩ ቀድሞ ይደርሳል» አለች ለራሷ። ቀጥላም፣ «ክፉ ቀኔን ሲያይ ጥሎኝ ሄደ» አለችና ቂም ያዘችበት።

ወንዙ በሞላ ዕለት ልጇን ቁጥቋጦ ውስጥ ደብቃ ብቻዋን ወደ አንበሳ ሄደች። ልጄ ጡት እስኪጥል ሦስት ወር ይታገሡኝ፣ ከዚያ በእግሬ መጥቼ እቆማለሁ ልትለው ነበር። መንገዱን ሙሉ ይህንኑ ስታነበንብ ሄዳ ደጁ ደረሰች።

አንበሳ በጎኑ ተጋድሟል።

«ጌታዬ…» ብላ ጀመረች።

«ዕዳሽ ተከፍሏል» አላት፤ ዓይኑን እንኳ በቅጡ አልገለጠም።

«ምን አሉኝ?»

«ተከፍሏል። አንድ ባለ አራት እግር በስምሽ ተሰጥቶኛል። ውሉ ይኸው ነበር። ሂጂ።»

«ማን ሰጠልኝ? ጌታዬ፣ ማን ነው እንዲህ ያለውን ውለታ የዋለልኝ?»

«ስሙን እንዳልነግርሽ አስምሎኛል» አለና ፊቱን አዞረ።

አህዪት እየሮጠች ተመለሰች። ልጇን ከቁጥቋጦው አውጥታ ከጆሮው እስከ ሰኮናው ላሰችው። ያን ቀን ዋለች አደረች፤ እፎይ አለች። በሁለተኛው ቀን ግን እፎይታዋ ውስጥ አንድ ነገር ይቆረቁራት ጀመር። ማን ይሆን? ሣር የሚያላምጥ አድኖ አይሰጥም። ይህን የዋለልኝ ጥርስ ያለው፣ ማደን የሚችል ነው አለች። አንዱ ተነሥቶ ራሱን ይሰጥልኛል ብላ ግን ለቅጽበት እንኳ አላሰበችም። እንዲህ ያለ ነገር ለማንም ሲደረግ አላየችም፤ ለሷማ ጭራሽ።

በሦስተኛው ቀን እንስሳቱ ከፀሐይ በሚጠለሉበት በሾላው ሥር ቆማ ተናገረች።

«ጎረቤቶቼ፣ ልጄን ከሞት ያተረፈልኝ አለ፤ ማን እንደሆነ አላውቅም። ሳላመሰግነው ብሞት አፈሩም አይቀበለኝ። እዚህ ካለ ይውጣ፤ ከሌለም ንገሩልኝ። የልጄ የክርስትና አባት፣ የኔም አበልጅ ይሆናል። ቤቴ ቤቱ ነው፤ ያለኝ ሁሉ የሱ ነው።»

ማንም አልወጣም። ሁሉም እርስ በርሱ ተያየና ወደየሣሩ ሄደ።

አሁን አህዪት ያላየችውን እኛ እንይ። ከሾላው ጀርባ ቀበሮ ተጋድሞ ኖሯል። ያለኝ ሁሉ የሱ ነው የምትለዋን ሲሰማ ጆሮው ቆመ። በቀጥታ ሄዶ ጅብን ከዋሻው ቀሰቀሰው።

«አያ ጅቦ፣ ተነሥ። ሳትሠራ የሚከፈልህ ሥራ አግኝቼልሃለሁ።»

«ይበላል?» አለ ጅብ።

«ይበላል። መጀመሪያ ግን የአህዪትን ዕዳ የከፈልከው አንተ ነህ።»

«እኔ? እኔ ለማንም ከፍዬ አላውቅም።»

«እሱን የምናውቀው እኔና አንተ ነን። ስማኝ። ሄደህ ፊቷ ቁም። ብትጠይቅህ አትመልስ፤ መሬት መሬቱን እይ። የግድ ከሆነብህ፣ ‹ተይው፣ ምን አላት› በል። ሌላ ቃል ካፍህ እንዳይወጣ።»

«ይኸው ብቻ?»

«ይኸው ብቻ። ደግ ሲያመሰግኑት ዝም ይላል። ዝም ማለት ደግሞ አንተንም አያቅትህም።»

ጅብ ሊያስብበት ሞከረ፤ ስላልሆነለት ተወው። «ተይው፣ ምን አላት… ተይው፣ ምን አላት…» እያለ ሲያጠና አረፈደ።

አህዪት ጋ የደረሱት በቀትር ነው። ቀበሮ ሰዓቱን አውቆ ነው የመረጠው። ጅብ ፀሐይ አይለምድም፤ ብርሃኑ ሲወጋው አንገቱን ደፋ፣ ዓይኑም ዕንባ አቀረረ።

«አልናገርም ብዬ ነበር» አለ ቀበሮ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ግን እንዲህ ያለ ደግ ተደብቆ ሲቀር አንጀቴ አልችል አለ። ስትፈልጊው የነበረው ይኸውልሽ።»

አህዪት የአህያ ዘር ሁሉ ጅብ ሲያይ የሚያደርገውን አደረገች፤ ወደ ኋላ አለች። ግን ይህ ጅብ አልዘለለባትም። አንገቱን ደፍቶ፣ ዕንባውን እያንጠባጠበ ቆሟል። ማደን የሚችል ነው ብላ ነበር፤ ጅብ ያድናል። ስሙን ደብቋል ተብላ ነበር፤ ይኸው ቀና ብሎ ማየት እንኳ አፍሯል።

«አያ ጅቦ፣ እርስዎ ነዎት?»

ጅብ መሬት መሬቱን አየ።

«ምን ሰጥተውልኝ ነው?»

ይህን ቀበሮ አላስጠናውም። ጅብ ተጨነቀ፤ ሲጨነቅ ደግሞ የሚታሰበው አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ሥጋ» አለ።

«እየራበዎት? ካፍዎ ቀንሰው?»

«ተይው፣ ምን አላት» አለ ጅብ። ይህችንስ ያውቃታል።

አህዪት አንድ እርምጃ ቀረበችው። ዕድሜዋን ሙሉ ስትሸሸው፣ ስትሰድበው፣ ልጇን በስሙ ስታስፈራራ መኖሯን አስባ አፈረች። «ቤቴ ቤትዎ ነው» አለችው። «ያለኝ ሁሉ የእርስዎ ነው።»

ውርንጭላው ከኋላዋ ተሸሽጎ ነበር። «እማዬ፣ ፈራሁት» አላት በሹክሹክታ።

«ነውር ነው። ነፍስህን ያተረፈልህን አትፈራም። ሂድና ጉልበት ሳም።»

ውርንጭላው ጆሮውን ጥሎ ሄደና የጅብን ጉልበት ሳመ። የጅብ ምራቅ መሬቱ ላይ ተዝረከረከ።

«ምነው አመማቸው?» አለች አህዪት።

«ጾም ላይ ናቸው» አለ ቀበሮ ፈጥኖ። ጅብ ከሦስት ቀን ወዲህ ስላልበላ ውሸትም አልነበረም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጅብ፣ ‹እናቲቱ ዞር እስክትል ታገሥ› ብሎ ቀበሮ ስለመከረው፣ ከአህዪት ደጅ አልጠፋም። የአካባቢው እናቶች ግልገሎቻቸውን፣ ጥጆቻቸውን እየነዱ ወደ ማዶ ራቁ። ሚዳቋ፣ «አህዪት፣ እንደው ግን ጅብ ሲሰጥ አይተሽ ታውቂያለሽ?» ብትላት፣ አህዪት ቅናት ነው ብላ ሳትመልስላት ቀረች። ምስጋናዋን የሚያጠራጥር ነገር ስትሰማ ትቆጣ ጀመር።

አንድ ጧት ወደ ሆራ፣ ወደ ጨዋማው ውሃ ልትወርድ ተነሣች። ደርሶ መልሱ ግማሽ ቀን ይፈጃል።

«እማዬ፣ እኔም ልምጣ» አላት ልጇ።

«ድንጋይ ነው፤ ሰኮናህ አልጠናም።»

«እከተልሻለሁ፤ አልደክምም።»

«አበልጄ እዚህ እያለ ማን ይነካሃል?» አለችው። ግንባሩን ላሰችና ወደ ጅብ ዞረች። «አያ ጅቦ፣ አደራ።»

ጅብ መሬት መሬቱን አየ።

ከሰዓት በኋላ ስትመለስ ልጇ ሊቀበላት አልሮጠም። ጠራችው። ደጇ ላይ ስትደርስ ያገኘችው አንዲት ትንሽ ሰኮናና የጅራት ጫፍ ነው። ቀበሮ ድርሻውን ይዞ ሄዷል። ጅብ ግን እዚያው ተቀምጦ አጥንት ይሰብራል። ሊሸሽ አልሞከረም፤ ምን እንዳጠፋ አልገባውምና።

«ልጄስ?» አለችው፤ እያየችው።

«‹ያለኝ ሁሉ የእርስዎ ነው› አላልሽኝም?» አለ ጅብ። «ደግሞ ጉበቱን ቀበሮ ነው የወሰደብኝ።» አህዪት ስትወድቅ አይቶ፣ ለዚህ የሚሆን የሚያውቀው አንድ ቃል ስለነበረ እሱኑ አላት። «ተይው፣ ምን አላት።»

እንዴት እንደተነሣች አታውቀውም። እግሯ ወደ አንበሳ ወሰዳት።

«ጌታዬ፣ ፍርድ ይስጡኝ» አለች። «ዕዳዬን የከፈለልኝ ልጄን በላብኝ።»

አንበሳ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኑን ሙሉ በሙሉ ገለጠ። «ማን ነው የከፈለልሽ ያልሽው?»

«ጅብ።»

አንበሳ አልሳቀም፣ አልተቆጣም። ተነሥቶ ወደ ዋሻው ገባና በአፉ አንድ ነገር ይዞ ወጣ፤ እግሯ ሥር ጣለው። ከመሃሉ የተሰበረ ቀንድ ነበር።

አህዪት አሸተተችው። ደጋግማ አሸተተችው።

«በእግሩ ነው የመጣው» አላት አንበሳ። «‹ውሉ ባለ አራት እግር ነው፤ እኔም ባለ አራት እግር ነኝ› ብሎ ደጄ ቆመ። ሥጋው አይታኘክም ነበር፤ ውል ነው ብዬ ተቀበልኩ። ስምህን ለምን ትደብቃለህ ስለው፣ ‹ዕድሜዋን ሙሉ የሰው ጭነት ተሸክማ ኖራለች፤ እኔን ደግሞ ተሸክማ አትኑር። ልጇን ታሳድግበት› አለኝ። አሁን ልጁ ከሌለ የምደብቀው ለማን ብዬ ነው?»

«ቆላ የወረደ መስሎኝ» አለች አህዪት። «እኔ እኮ ቂም ይዤበት ነበር።»

አንበሳ ቀንዱን በመዳፉ ወደ እሷ ገፋ አደረገው።

«ፍርዱስ?» አለች።

«ምን ብዬ ልፍረድ? ጅብ ደጅሽን ሰብሮ አልገባም።» ተመልሶ ምንጩ አጠገብ ጋደም አለ። «እኔም ካንቺ የምሻው የለኝም። ዕዳሽ ተከፍሏል፤ ሂጂ።»

አህዪት ቀንዱን በአፏ አንሥታ መንገዱን ሁሉ ይዛው ተመለሰች። በሬው የሚተኛበት ቦታ ልታኖረው ፈለገች። ዝናቡ ግን ሣሩን አሳድጎት፣ በገላው ልክ የተጋደመው ቀና ብሎ፣ ሜዳው ሁሉ አንድ ዓይነት ሆኗል። የት ጋ ይተኛ እንደነበር ለይታ ማወቅ አቃታት። ቀንዱን እንደያዘች እዚያው ቆማ ቀረች።

ከዚህ የምንማረው፣ ስሙን ሳይናገር ውለታ ለዋለልን ትልቁ ምስጋና እሱ ያተረፈልንን መጠበቅ እንጂ፣ አንገቱን ደፍቶ ለመጣ ሁሉ ደጃችንን መክፈት አለመሆኑን ነው።