የሙጭት ለቅሶና የዕድሩ ስንዴ

ይህን ያጫወተችኝ ይታይሽ ናት፤ ያቺ ከአጥሬ ማዶ ያለችው፣ ሰው ሲሞት ንፍሮ የምትቀቅለው። እኔ በዚያ ሳምንት እህቴ ወልዳ ደምበጫ ሄጄ ነበር። በሰፈራችን እኔ ሳላየው የሚያልፍ ነገር የለም፤ ይኼ ግን አመለጠኝ፤ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ይታይሽ ደግሞ ወሬ ስታወራ ቅመም አትጨምርም። ደጋግሜ አስወርቻታለሁ፣ ቃሏ አንድ ነው።

እና አንድ ቀን፣ ጊዜው ሐምሌ ነው፣ ሙጭት ቦኖ ውሃ ልትቀዳ ሄዳ እዚያው ተዝለፍልፋ ወደቀች።

ሙጭት ማን መሰለቻችሁ፣ እህል መጋዘን ውስጥ እህል እያበጠረች የምታድር ሴት ናት። ባሏ ጥሏት ከሄደ ቆይቷል፣ ሁለት ልጆች አሏት። ቡሬ መቼም እህል የሚጠፋበት አገር አይደለም፤ በቆሎው በመኪና በመኪና ሲጫን ነው የሚውለው። በዚያ ክረምት ግን ባለ መጋዘኖቹ ዋጋ እስኪወጣ ብለው በራቸውን ቆለፉ። በሩ ሲቆለፍ እህሉ ውስጥ ቀረ፣ ሙጭት ውጭ። ደግሞ ኩራቷ! ሰው እንዳያውቅባት ብላ ማታ ማታ እሳት አንድዳ ባዶ ውሃ ታፈላ ነበር። ሌላው ጭሱን አይቶ ያልፋል፤ እኔ ግን ሽታ የሌለው ጭስ መሆኑን አውቄባት ነበር። ምን ላድርግ፣ የእኔም ቤት በዚያ ሰሞን ብዙ ሽታ አልነበረውም።

ከወደቀችበት ያነሳት ሻረው ነው። ሻረው የዕድራችን ጡሩንባ ነፊ ነበር። ዕድርተኛ ሲሞት ጎህ ሳይቀድ ይነሳና በየመንገዱ እየነፋ ማን እንደሞተ ይለፍፋል። ሰውየው ሳቂታ ነው፣ ምላሱ ግን ምላጭ ነው። አማቱ እንኳ ፈርታው ስትመጣ ምሳዋን በልታ ነው የምትመጣው። ሙጭትን ደግፎ ቤቷ አስገባና ቀጥ ብሎ ወደ ዕድሩ ዳኛ ወደ አቶ ይስማው ሄደ።

አቶ ይስማው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ቀኑን ሙሉ በረንዳቸው ላይ ሬዲዮናቸውን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው ይውላሉ፤ የዓለም ጉዳይ ሁሉ እሳቸው ጋ ነው። የዕድሩን ግምጃ ቤት ቁልፍ ከማተባቸው ጋር አንገታቸው ላይ አስረውታል። ግምጃ ቤቱ ግቢያቸው ውስጥ ነው። ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሩ፣ ድስቱ፣ ለለቀስተኛ ንፍሮ የሚሆነው ስንዴም እዚያ ነው ያለው፤ ሁላችንም በመኸር ያዋጣነው ስንዴ።

«ጋሽ ይስማው፣ ሙጭት ርቧታል» አላቸው ሻረው።

«እሷ ብቻ መሰለችህ?» አሉት ሬዲዮውን ቀነስ አድርገው። «ቁጭ በል። የዓለም ሕዝብ ስንቱ ጦሙን እንደሚያድር ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«አታውቅማ! እየውልህ፣ ረሃብ ምክንያት አለው። ባሕር ማዶ ጦርነት ሲነሳ መርከቡ ይቆማል። መርከቡ ሲቆም ማዳበሪያው ይወደዳል። ዝናቡም እንደ ድሮው አይደለም፤ የሠለጠኑት አገሮች በፋብሪካቸው ሰማዩን አጠቆሩት። ደሃው አገር ደግሞ ዕዳ አለበት። ሲሉ እንደሰማሁት፣ በዓለም ላይ እህል አላነሰም፤ ለሁሉም የሚበቃ አለ። እህሉ ያለበት ቦታና የራበው ሰው አልተገናኙም እንጂ።»

ሻረው ዞር ብሎ የግምጃ ቤቱን በር አየ።

«እሱስ እውነት ነው። እኛ ጋ ግን ያን ያህል አልተራራቁም፣ ጋሼ። ከዚህ እስከ ሙጭት ቤት ዳገት እንኳ የለውም።»

«ምን ለማለት ነው?»

«ከዕድሩ ስንዴ ትንሽ ይሰፈርላት።»

አቶ ይስማው ሬዲዮውን ዘጉት። ይታይሽ በግቢያቸው አጥር ቀዳዳ ታይ ነበር፤ ሰውየው በቀን ሬዲዮ ሲዘጉ ያየኋቸው ያን ዕለት ነው ትላለች።

«እሱ የሙታን ስንዴ ነው!»

«ሙታን ስንዴ ይበላሉ እንዴ፣ ጋሼ?»

«ለቀስተኛ ይበላል! አታላግጥ። ሕጉ ዕድርተኛ ሲሞት ነው የሚለው፤ ሲራብ የሚል የለበትም። ዛሬ ለሙጭት ብከፍት ነገ እዚህ በር ላይ የማይሰለፍ ማን አለ? አንተስ ጠግበህ ነው የመጣኸው? እናትህ ነገ ብታርፍ ለቀስተኛው ምን ይቅመስ? ባዶ ድንኳን ተክዬ ላዋርድህ?»

እውነት ለመናገር ነገራቸው ቀላል አይደለም። ሰውየው ክፉ አይደሉም፤ ስንዴው አልቆ ዕድሩ ይፈርስና ሰው እንደ ከብት ይቀበራል ብለው ነው የሚፈሩት። እኔም ብሆን ይኼን እፈራለሁ።

«እና ሙጭት ምን ትሁን?» አለ ሻረው።

«መንግሥት አለ፣ እርዳታ ድርጅት አለ። ታመልክት።»

«መልሱ እስኪመጣ ድረስስ?»

«እሱን እግዜር ያውቃል። አይበለውና ከሞተች ግን አታስብ፤ ሙሉ መብቷ ነው። ድንኳኑ ይተከላል፣ ንፍሮው ይቀቀላል፣ ምንም አይጎድልባትም። ወጓ ይደረግላታል።»

«ወጓ ይደረግላታል» አለ ሻረው። ተነሳ፣ እጅ ነሳና ወጣ።

በማግሥቱ ጎህ ሲቀድ ጡሩንባው ሰፈሩን ቀሰቀሰው።

«ዕድርተኛ ሆይ! ሙጭት አርፋለች! ወደ ሙጭት ቤት!»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ነው እኔ ባየሁት ብዬ የምቆጨው። ጎረምሶቹ ከአቶ ይስማው ቁልፉን ተቀብለው ድንኳኑን በሙጭት ደጅ ላይ ወጠሩት። ሙጭት ከልጆቿ ጋር በድካም ተኝታለች፣ አልሰሙም። ይታይሽ ስንዴውን ከሽምብራ ጋር ትልቁ ድስት ውስጥ ዘረገፈችው። ሴቶቹ ሌማታቸውን ተሸክመው ጎረፉ። ያቺ የፊት ለፊት ጎረቤቷ እንኳ፣ ስሟን አልጠራም፣ ሙጭት ባለፈው አንድ እንጀራ አበድሪኝ ስትላት «ሊጡ አልቦካም» ያለቻት፣ ሙሉ ሌማት ከነወጡ ይዛ መጣች። በአንድ እጇ ሌማቱን ይዛ በሌላው ደረቷን ትደቃለች።

«ወየው ሙጭትዬ! ምነው ሳትነግሪን! ምነው ቸገረኝ ብትይን!»

ለቅሶው ሲደምቅ ሙጭት ነቃች። መቼም ለቅሶ ቀርታ የማታውቅ ሴት ናት። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰችና ግድግዳውን እየተደገፈች ወጣች።

«እኔን! ማን ሞተብን?» አለች፤ አለቀሰችም።

ጎረቤቷ ሌማቷን እንዳቀፈች ወደ አጥሩ ሸሸች።

«አንቺ ነሻ!» አለቻት ይታይሽ ጭልፋዋን እንደያዘች።

«እኔ? መቼ?»

«ዛሬ ጠዋት።»

ሙጭት አፏን በነጠላዋ ያዘች። «ማን ነገራችሁ?»

ይኼኔ አቶ ይስማው ጋቢያቸውን ደርበው፣ ከዘራቸውን ይዘው፣ ፊታቸውን አጥቁረው ደረሱ።

«ሬሳው የት ነው ያለው?»

«ይኸው፣ አግዳሚው ላይ ተቀምጣለች» አሏቸው።

ሴቶቹ ነገሩ ሲገባቸው አንድ በአንድ ሌማታቸውን ማንሳት ጀመሩ። ሻረው የድንኳኑ ምሰሶ ላይ ተደግፎ ቆሟል።

«ውሰዱ፣ ውሰዱ» አላቸው። «ለቅሶ ቤት የገባ እንጀራ ይዛችሁ ወደ ቤታችሁ ስትገቡ ምን ተከትሏችሁ እንደሚገባ ግን ታውቃላችሁ። እኔ የለሁበትም።»

በእኛ ሰፈር ይኼን የሚደፍር የለም። ለቅሶ ቤት የገባ ምግብ ወደመጣበት ከተመለሰ ሞቱም አብሮ ይመጣል ነው የምንለው። ሌማቶቹ ሁሉ ቀስ ብለው ወደነበሩበት ተመለሱ። ያቺ ጎረቤት እንዲያውም የእሷን ከሁሉ አርቃ፣ ሙጭት እግር ሥር አስቀመጠችው አሉ።

«አንተ ሻረው!» አሉ አቶ ይስማው ከዘራቸውን መሬት ላይ እየመቱ። «በሕይወት ባለች ሴት ላይ ሞት ታውጃለህ? በዕድሩ ጡሩንባ ትዋሻለህ? ከዛሬ ጀምሮ የዕድሩ ሰው አይደለህም! ስትሞት የሚቀብርህ የለም!»

ሰው ሁሉ ደነገጠ። ይኼ እንዲሁ የሚባል ነገር አይደለም። ከዕድር የተባረረ ሰው ቢታመም የሚጠይቀው፣ ቢሞት የሚሸከመው የለም። የሻረው ሚስት ልትለምን እግራቸው ላይ ወደቀች። ሙጭትም ልትለምንለት ብድግ አለችና ተመልሳ ተቀመጠች፤ አቅም አልነበራትም።

ሻረው ጡሩንባውን ብብቱ ሥር ሸጎጠ።

«ምኑን ነው የዋሸሁት፣ ጋሼ?»

«ሞታለች አላልክም?»

«ብያለሁ።»

«ታዲያ ይቺ ማናት?»

«ጋሼ፣ እኔ የዋሸሁት ቀኑን ብቻ ነው» አለ ሻረው። «ድንኳኑ አይቀርላትም ነበር። ስንዴው ይቀቀልላት ነበር። ይኼ ሁሉ ሰው ሌማቱን ይዞ ይመጣላት ነበር። መምጣታችሁ ካልቀረ እሷም ሳታመልጣችሁ አብራ ትብላ ብዬ፣ ለቅሶውን ትንሽ ቀደም አደረግሁት።»

መጀመሪያ የሳቀችው ማን መሰለቻችሁ? የአቶ ይስማው ሚስት፣ ወይዘሮ ጥሩዓለም። በነጠላዋ ፊቷን ሸፍና ነው የጀመረችው፤ ከዚያ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ከዚያ ድንኳኑ በሙሉ ፈነዳ።

«ድንኳኑ ይነቀል!» ብለው ጮኹ አቶ ይስማው።

«እንዴት ይነቀላል?» አለቻቸው ይታይሽ። «የተከሉት ድንኳን ሦስት ቀን ሳይሞላው አይነሳም ብለው ሕጉን ያነበቡልን እርስዎ አይደሉም?»

አቶ ይስማው ይታይሽን አዩ፤ ድንኳኑን አዩ፤ ከዚያ ሙጭትን አዩ። ይታይሽ እንደምትለው፣ ሙጭትን በደንብ ያዩዋት ያኔ ነው። አጥንቷ በነጠላው ውስጥ ይቆጠራል። እሳቸውም ቆይተው አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጡና ወደ ጉልቻው እያዩ፣

«ንፍሮው ከበሰለ ምን ትጠብቃላችሁ?» አሉ። «ለሟች መጀመሪያ ስጧት።»

ሦስት ቀን ተበላ። ለቀስተኛው ስለራሱ ኑሮ ማውራት ጀመረ፤ እንደ ሙጭት ባዶ ውሃ የሚያፈሉ ሌሎችም እዚያው ድንኳን ውስጥ ተገኙ፤ እነሱም በሉ። የሙጭት ትንሿ ልጅ በሦስተኛው ቀን ማታ «እማዬ፣ ነገስ ማን ነው የሚሞተው?» ብላ ጠየቀች አሉ።

መጋዘኖቹ በመስከረም ተከፈቱ። ዕድሩ ግን ድንኳኑ እንደተነሳ በእሑዱ ተሰብስቦ፣ በጡሩንባው ዋሽቷል ብሎ ሻረውን ሰረዘው፤ እሱም ጡሩንባውን አስረከበ፤ አሁን ባጃጅ ማቆሚያው አጠገብ ጎማ ይለጥፋል። አቶ ይስማው ከሁለት ዓመት በኋላ ሞቱ፤ ብዙ ሰው አለቀሰላቸው። ሕጉ እንደነበረው ነው። ሙጭት መጋዘን ገብታለች፤ ታበጥራለች።