ድንቅነሽ ያሻማቻት ኳስ

ተረት ተረት ስላችሁ «የላም በረት» አትበሉኝ፤ የዛሬው በረት ኳስ ሜዳ ነው።

ድንቅነሽ የምትባል የክንፍ ተጫዋች ነበረች። በዓመቱ መጨረሻ ውድድር ላይ ከግራ መስመር ኳስ አሻማች፤ አጥቂዋ በግንባሯ አገባችው። ለጎል የሆነች ኳስ ያቀበለች ስሟ መዝገብ ላይ ይሰፍራል፤ አሲስት ይሉታል። ከድንቅነሽ ስም አጠገብ ግን ባዶ ነው። አሰልጣኟ ደግሞ፣ «ዓመቱን ሙሉ ጎልም አሲስትም የሌላት ከካምፕ ትወጣለች፤ ስም ዝርዝሩን አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እለጥፋለሁ» ብሏል። ድንቅነሽ ከካምፑ አልጋ ሌላ ማደሪያ የላትም። የፈለገችው አንዲት መስመር ጽሑፍ ብቻ ነው።

ወደ መዝገብ ጸሐፊው ሮጠች። «ጋሽ ጌጡ፣ ኳሷን ያቀበልኩት እኮ እኔ ነኝ!»

ጋሽ ጌጡ በሩን ገርበብ አድርጎ አንሾካሾከ። «ልጄ፣ ኳስ ተከላካይ ነክታ አቅጣጫ ከቀየረች ለአቀባይዋ አይጻፍም። ታክካ ብቻ ካለፈች ይጻፋል። ሪፖርቱ ‹ቀይራለች› ይላል። ኮሚሽነሩ ሳያዙ ብነካው እባረራለሁ።»

ወደ ጨዋታው ኮሚሽነር ሮጠች። «ጸሐፊው ፈርቶ አልጽፍ አለ። እርስዎ ይዘዙልኝ!»

ኮሚሽነሩ ላባቸውን ጠረጉ። «ዳኛዋ ሳትመሰክር ባዝ ያኛው ቡድን ይከሰኛል። ተይኝ።»

ወደ መሃል ዳኛዋ ሮጠች። «እትዬ ስንዱ፣ ኮሚሽነሩ ፈርተው አላዝ አሉ፤ ጸሐፊው ፈርቶ አልጽፍ አለ። እርስዎ ይመስክሩልኝ!»

ስንዱ ግራ ቀኝ አየች። «እኔ ሩቅ ነበርኩ። ‹አቅጣጫ ቀይራለች› ያለኝ ረዳቴ ነው። ያላየሁትን ብመሰክር ፊሽካዬን ይቀሙኛል።»

ወደ ረዳት ዳኛው ሮጠች። ምሳ ቤት አገኘችው። «ዳኛዋ ፈርታ አልመሰክር አለች፤ ኮሚሽነሩ ፈርተው አላዝ አሉ፤ ጸሐፊው ፈርቶ አልጽፍ አለ። ቃልህን ለውጥልኝ!»

ጉርሻውን ትሪው ላይ መለሰ። «የተጋጣሚያችሁ ተከላካይ ማሪቱ ‹እግሬን መታችኝ!› ብላ ስትጮህ ሰምቼ ነው ‹አቅጣጫ ቀይራለች› ያልኩት። ራሷ ሳታስተባብል ቃሌን ብለውጥ ማን ዳግመኛ ያምነኛል?»

አሥር ሰዓት አለፈ። ወደ ተጋጣሚዎቹ ማረፊያ ሮጠች፤ የማሪቱ ክፍል ከውስጥ ተቆልፏል። ድንቅነሽ ደበደበች።

«ማሪቱ! ረዳት ዳኛው ፈርቶ ቃሌን አልለውጥ አለ፤ ዳኛዋ ፈርታ አልመሰክር አለች፤ ኮሚሽነሩ ፈርተው አላዝ አሉ፤ ጸሐፊው ፈርቶ አልጽፍ አለ። አንቺ እንኳ እውነቱን ተናገሪ!»

በሩ ተከፈተ። ማሪቱ የቱታዋን እግር ሰበሰበች። ጉልበቷ አብጦ ቆዳው ያብለጨልጫል።

«ኳሷ የጫማዬን ጫፍ ታክካ ነው ያለፈችው» አለች። «ጉልበቴን ፈርቼ እግሬን ሰበሰብኩት። ‹ሸሸች› እንዳልባል ነው ‹መታችኝ› ያልኩት። መታመሜን ካወቁ እኔንም ያባርሩኛል።»

ድንቅነሽ ጉልበቱን አየች። ሰዓቷን አየች።

«በቃ ተይው» አለች። «በዚህ እግር ዳግመኛ ሜዳ ከገባሽ ትሰበሪያለሽ። ሐኪም ጋ ሂጂ። እኔ ለማንም አልናገርም።»

ወጣች። ደረጃው ላይ ስትደርስ ከኋላዋ የሚያነክስ እርምጃ ሰማች።

«ቆዪኝ» አለች ማሪቱ፣ ግድግዳውን ተደግፋ። «ብቻዬን አልችልም። አብረሽኝ ሁኚ።»

ማሪቱ እየተንቀጠቀጠች ተናገረች፤ ረዳት ዳኛው ቃሉን ለወጠ፤ ዳኛዋ መሰከረች፤ ኮሚሽነሩ አዘዙ፤ ጸሐፊው ጻፈ! ወረቀቱ ሲደርስ የድንቅነሽ አሰልጣኝ ዝርዝሩን ሊለጥፍ ሰሌዳው ሥር ቆሟል። አነበበ። እስክሪብቶውን አውጥቶ ስሟን ከሚባረሩት መሃል ሰረዘ።

የማሪቱ አሰልጣኝም ወሬውን ሰምቶ መጣና ጎንበስ ብሎ ጉልበቷን አየ። ማሪቱ ዓይኗን ጨፈነች።

«ለመሆኑ ስንት ጨዋታ ነው በዚህ እግር ያጫወትኩሽ?» አላት ቀስ ብሎ። መልሷን ሳይጠብቅ መኪናውን አስነሳ።

ሐኪም ቤት እስኪደርሱ ማሪቱ መንቀጥቀጧን አልተወችም። ድንቅነሽም ከጎኗ ተቀምጣ እጇን አልለቀቀችም።

ነገሩን እኔ አቀበልኳችሁ፤ ማግባቱ የእናንተ ነው።