እስከ ቀዩ አለላ

አንድ ሰው ነበረ፤ ባለጸጋ ነበረ፤ ቤቱም በሰው የተሞላ ነበረ።

ይርዳው፣ የጠየቅኸኝን አልዘነጋሁም። መንግሥት ወጪውን ሊቀንስ፣ የሠራተኛውንም ደመወዝ ሊያሳንስ እየመከረ ነው። አንተም ከመካሪዎቹ አንዱ ነህና «መቀነሱ ካልቀረ እንዴት ቢቀነስ ይሻላል?» ብለህ ወደ ቀድሞ መምህርህ መጥተሃል። ግልጽ ቅነሳ ሰውን ያስቆጣል፣ ስውሩ ግን ሳይታወቅ ያልፋል የሚሉ ባልደረቦች እንዳሉህም ነግረኸኛል። እንግዲህ ቀጥ ብለህ ተቀመጥና ስማ። ሳልጨርስም አታቋርጠኝ።

ይህ ባለጸጋ ሰፊ መሬት ነበረው። አራሾች፣ ፈጪዎች፣ እንጨት ፈላጮች፣ አጥር ጠባቂዎችና በረኞች ከነቤተሰባቸው በእርሱ ቤት ያድሩ ነበር። ለያንዳንዱ ቤተሰብ በየወሩ መባቻ ቀለብ ይሰፈርለታል። መስፈሪያውም ባለጸጋው ከአባቱ የወረሰው ትልቅ ቁና ነበር። ከአፉ ዝቅ ብሎ ዙሪያውን በቀይ አለላ፣ ቀለም በተነከረ ስንደዶ፣ ተሰፍቷል፤ አለላው ለጌጥ የገባ እንጂ ሌላ ጥቅም አልነበረውም። እህሉ ቁናውን ሞልቶ ከአፉ በላይ እስኪቆለል ይሰፈራል፤ የሚፈሰው ከፈሰሰ በኋላ የቆመው ሁሉ የተቀባዩ ነው። አባትየው በሕይወት ሳለ «ቁልሉ የቤቴ ክብር ነው» ይል ነበር።

በአንድ ዓመት አዝመራው ለአጨዳ በደረሰበት ሰሞን በረዶ ወረደ። ከመሬት የተለቀመው ተለቅሞ ሲገባ፣ በእህል ቤቱ ውስጥ ያሉት ጎታዎች እኩሌታቸው እንኳ አልሞላም። ባለጸጋው ጠዋት ጠዋት ብቻውን እየገባ ጎታዎቹን በጣቱ እያንኳኳ ያዳምጥ ጀመር። ሙሉ ጎታ ድምፁ የታፈነ ነው፤ ጎዶሎው ግን ይመልስልሃል። በዚያ ዓመት ጎታዎቹ ሁሉ ይመልሱለት ነበር። አዲሱ አዝመራ እስኪደርስ ያን ሁሉ ሰው ይዞ ይዘልቅ እንደሆነ፣ ወይስ የአባቱ ቤት በእርሱ እጅ ይፈርስ እንደሆነ አላወቀም።

ዝም ያለ አንድ ጎታ ብቻ ነበር፤ እርሱም ከሁሉ በስተኋላ የቆመው ነው። በውስጡ ማኛ ጤፍ ሞልቶበታል። ባለጸጋው ለጎረቤት አገር ሹማምንት ታላቅ ግብር ሊያበላ ቃል ሰጥቶ ስለነበር፣ ያን ጎታ ማንም እንዳይነካው አዝዟል። ቀለቡን ከሚሰፍረው ከመጋቢው በቀር ስለ ጎታው የሚያውቅ አልነበረም።

አንድ ሽማግሌ ጎረቤቱ የሰዎቹን ሲሶ እንዲያሰናብት መከረው። ባለጸጋው ግን አብዛኞቹ በቤቱ የተወለዱ ናቸውና አንጀቱ እምቢ አለው። ከዚያ በኋላ መጋቢው ወደ ጆሮው ቀረብ ብሎ እንዲህ አለው፦

«ጌታዬ፣ ሰው የሚቆጣው ባየው ነገር ነው። አዲስ ቁና እናሰፋ። አፉ ያው ይሁን፤ ቀዩም አለላ ያው ይሁን። ሆዱን ብቻ እናጥብበው፣ መቀመጫውንም እናወፍረው።»

ምክሩ ባለጸጋውን ደስ አሰኘው። ደስ ያሰኘውም የሚተርፈው እህል ብቻ አልነበረም፤ ምንም ነገር መናገር የማይኖርበት መሆኑም ጭምር ነበር። ቅነሳውን በአደባባይ ቢናገር «እስቲ እህል ቤቱን እንይ» የሚል ይነሣል። እህል ቤቱ ከታየ ደግሞ በስተኋላ ያለው ጎታ ይታያል።

አዲሱ ቁና ተሰፋ። መጋቢው እህሉን ከቀድሞውም አስበልጦ እየቆለለ ሰፈረ፤ ሰዎቹም እጅ ነሥተው ተቀበሉ። በተከታዩ ወር እንደዚሁ ሆነ። ባለጸጋው ጥበብ እንዳደረገ ቈጥሮ ተኝቶ አደረ።

ነገር ግን በየቤቱ ቀለቡ የሚቀመጥበት ማድጋ አለ። ቁና በሰፋሪው እጅ ነው፤ ማድጋ ግን በባለቤቷ ዓይን ሥር ነው። ከአንገቱ ይደርስ የነበረው እህል ከትከሻው ቀረ። አንዲት ፈጪ ለጎረቤቷ አሳየቻት፤ ጎረቤቷም የራሷን ማድጋ ከፍታ አየች፤ ለባሏም ነገረችው።

አመፅ ተነሣ እንድልህ ትጠብቅ ይሆናል። አልተነሣም። የጮኸ የለም፤ በጌታው ደጅ የቆመም የለም። እያንዳንዱ ግን የራሱን ቁና አጠበበ። ፈጪዋ ሁለት ጊዜ ታደቅቀው የነበረውን ዱቄት አንድ ጊዜ ብቻ አሳልፋ ሻካራውን አስረከበች። አራሹ የማሳውን ዳር ዳር ሳይነካ በሬዎቹን ይመልስ ጀመር። አጥር ጠባቂው እሾሁን በመንገዱ በኩል ደርቦ በጓሮው በኩል አሳሳው። ከሩቅ ለሚያይ ሁሉም እንደ ድሮው ነበር። ባለጸጋው እንጀራው ሻከረበት፤ በጓሮ የገባ ጅብ በቅሎውን በላበት፤ እርሱ ግን ዘመኑ ከፋ እያለ ዘመኑን ያማ ነበር።

አንድ ቀን ዶፍ ዘንቦ ቤቱ በረደ። ባለጸጋው እሳቱ ላይ ሊጨምር ብሎ በአጠገቡ የነበረውን የእንጨት እስር ራሱ ብድግ አደረገ። እስሩ እንደ ገለባ ቀለለው። ገመዱን ሲፈታው ዙሪያው ወፍራም ፍልጥ ነው፤ መካከሉ ግን ደረቅ ቅጠልና አገዳ ነበር። ፈላጩን አስጠራው። ፈላጩ ከአባቱ ዘመን ጀምሮ በዚያ ቤት የኖረ፣ ቃል የማያበዛ ሰው ነበር።

«ይህ ምንድን ነው?»

«እንጨት ነው ጌታዬ።»

«መካከሉስ?»

ፈላጩ የተፈታውን እስር አየ፤ ጌታውንም አየ። «እንደ ቁናው ነው ጌታዬ» አለ፤ «ከውጭ ሲያዩት ምንም አልጎደለው።»

መጋቢው በትር አነሣ፤ ባለጸጋው ግን ክንዱን ያዘው። ፈላጩን ወደ ሥራው እንዲመለስ አሰናበተው። ከዚያም የሻከረውን እንጀራ፣ የሳሳውን አጥርና የሞተችውን በቅሎ አንድ በአንድ አሰበ። ወደ ማሳው ወጥቶ ዳር ዳሩን ተመለከተ፤ ያልታረሰው ክፍል ከወትሮው ይልቅ ሰፊ ሆኖ አገኘው። በእውነት የፈራው ያን ጊዜ ነው። ከማድጋው የወሰደውን እህል የሚመጣው አዝመራ ሊከፍልለት ነው። ቤቱ ሁሉ እንደዚያ እስር ሆኖ ነበር።

ፈላጩ መልካም አደረገ እያልኩህ አይደለም። ሥራን ማጉደል ማጉደል ነው፤ ይህንም በተማሪነትህ ዘመን አስተምሬሃለሁ። ነገር ግን ያን ሙያ ለፈላጩ ያስተማረው ማን ነው? እርሱን ያዝና ስማ።

በማግስቱ ባለጸጋው ሰዎቹን ሁሉ ከነልጆቻቸው ወደ አውድማው ጠራቸው። መጋቢው እንዲተወው ለመነው። «እህል ቤት የቤት ገመና ነው፤ ለሎሌ አይገለጥም» አለው።

«ገመናዬን ማድጋዎቹ ካወቁት ቆዩ» አለ ባለጸጋው።

ሁለቱን ቁናዎች አስመጥቶ ጎን ለጎን አስቀመጣቸው። ጠባቡን ቁና እስኪቆለል ሰፈረበትና በሰዎቹ ፊት ወደ አባቱ ቁና ገለበጠው። እህሉ ከቀዩ አለላ ጥቂት አለፍ ብሎ ቆመ፤ ከአፉ ግን አልደረሰም። ባለጸጋው ባዶ በቀረው ቦታ እጁን አስገብቶ «ከእናንተ በስውር የወሰድሁት ይህን ነው፤ ቁልሉንም ከዚህ ላይ ጨምሩበት» አለ። ከዚያም የእህል ቤቱን በር ወለል አድርጎ ከፈተና ገብተው እንዲያዩ ነገራቸው።

ሰዎቹ በየተራ እየገቡ ጎታዎቹን አንኳኩ። ከሁሉ በኋላ ሕፃን ያዘለች አንዲት ፈጪ በበሩ ቆመች።

«ያ በስተኋላ ያለው ሙሉ ጎታ የማን ነው?» አለች።

ባለጸጋው ይህን ጥያቄ ከበረዶው ቀን ጀምሮ ሲሸሸው ኖሯል። «የእንግዳ ነው» ብሎ መለሰላት።

«እንግዳው መቼ አረሰ?»

በረዶ ከወረደ ወዲህ በዚያ ግቢ ሳቅ ተሰምቶ አያውቅም ነበር፤ አሁን ግን አውድማው ሙሉ ሳቀ። ባለጸጋውም፣ ዘግይቶ ቢሆንም፣ ሳቀ። ከዚያም እንግዳ አይመጣም፣ ሹማምንቱም የሚሉትን ይበሉ ብሎ፣ የጎታውን ክዳን በገዛ እጁ አነሣው።

ሽማግሌዎቹ አራሾች ከባለጸጋው ጋር ተቀምጠው ያለውን ሁሉ ገመቱ። ያን ጊዜ አንድ ከባድ ነገር ተገለጠ፤ የእንግዳው ጎታ ተጨምሮበትም እንኳ፣ በስውር የጠበበው ቁና ራሱ እስከ አዝመራ አያደርስም ነበር። በዚህ መካከል ያ እንጨት ፈላጭ ከተቀመጠበት ተነሥቶ መጣና ጣቱን በአባትየው ቁና በቀዩ አለላ ላይ አሳረፈ።

«እስከዚህ» አለ።

ልብ በል፤ ይህ በስውር ከተወሰደባቸው የሚበልጥ ቅነሳ ነው። ይሁንና ሰዎቹ ጥቂት ተከራክረው ተስማሙበት። የሚያጠቡ እናቶች እስከ ቁናው አፍ ይሰፈርላቸው ተባለ። የባለጸጋውም ወጥ ቤት እንደማንኛውም ቤት እስከ አለላው ይሁን ተባለ፤ እርሱም እሺ አለ። አዝመራው በገባ ዕለት ቁልሉ እንደሚመለስ ባለጸጋው በአባቱ አጥንት ማለላቸው። ጠባቡን ቁና ግን እሳት ውስጥ ሊጥለው ሲል ፈጪዋ ተቀበለችው። «ለዶሮዬ ስጠኝ፤ ዶሮ ቢታቀፍበት እንጂ አይሰፍርበትም» አለችው። ዶሮዋም ታቀፈችበት።

ክረምቱ ቀላል አልነበረም። ሁሉም መቀነቱን አጠበቀ። ሆኖም ያን ቤት ጥሎ የሄደ የለም። ዱቄቱ ላመ፤ አጥሩ ተደፈነ፤ የማሳው ዳር ዳር ታረሰ። በየወሩ መባቻ ከአለላው በላይ ያለውን ባዶ ቦታ ሁሉም በዓይኑ ያየዋል፤ ለምን ባዶ እንደሆነም ያውቃል። ባለጸጋው ራሱ አሳላፊው የሚያቀርብለት ሌማት ቢያንስበትም፣ ያለ ኀፍረት ስለሚበላ ይጣፍጠው ነበር።

አዝመራው ያማረ ሆነ። እህሉ ሲገባ መጋቢው እንደ ልማዱ ወደ ጆሮው ቀረበ፤ ሰዎቹ ለምደውታልና ለጥቂት ጊዜ በአለላው ቢቀጥል ምን ይጎዳል ብሎ ጠየቀው። ባለጸጋው ግን የአባቱን ቁና አነሣና ራሱ ሰፈረ፤ ከአፉ በላይ እየቆለለ፣ እህሉ በዙሪያው እስኪፈስ ድረስ ሰፈረ። የመጀመሪያውን ለፈላጩ ሰጠው። በዚያው ቀን ፈላጩ አንድ እስር እንጨት አምጥቶ በጌታው ፊት አስቀመጠ። ባለጸጋው ሊያነሣው ጎንበስ አለና ሞከረ፤ ከመሬት አላላቀቀውም። ፈላጩም ቆሞ ያይ ነበር። ሁለቱም ደስ አላቸው።

እንግዲህ ይርዳው፣ ጥያቄህን ልመልስልህ። እህል ቤቱ ግምጃ ቤታችሁ ነው፤ ቁናውም ደመወዙ ነው። ስሙና ቁጥሩ ሳይነካ ገበያው እንዲበላው ዝም ብለህ የምትተወው፣ ዕድገቱን በሰበብ የምታዘገየው፣ አበሉን ሳትናገር የምታስቀረው ደመወዝ፣ ሆዱ የጠበበው ቁና ነው። ባዶ እስሩንም ታውቀዋለህ። ኮቱን ወንበሩ ላይ ሰቅሎ ወደ ግል ጉዳዩ የሚወጣው ጸሐፊ፣ የትምህርቱን እኩሌታ ለማታ ጥናት ከፋዮች የሚያስቀር መምህር፣ ባለጉዳዩን «ነገ ተመለስ» የሚል ሹም፣ ሁሉም ከውጭ ሲያዩአቸው ምንም አልጎደላቸውም። መቀነስ ኃጢአት አይደለም፤ በረዶ በወረደበት ዓመት መቀነስ ግድ ነው። ነገር ግን የምትቀንሰውን በቀዩ አለላ ልክ፣ ሁሉ በሚያየው ቦታ ቀንስ። የራስህንም ወጥ ቤት በዚያው ቁና ስፈር። የሚመለስበትን ቀን ተናገር፤ ቀኑም ሲደርስ መልስ። እንዲህ ከሆነ፣ ሰዎቹ አንተ ልትደፍረው ከፈራኸው በታች ጣታቸውን ሊያሳርፉ ይችላሉ።

አሁን ሂድ፤ ጉባኤህ ይጠብቅሃል። በስተኋላ ያለው ጎታ የትኛው እንደሆነ ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቃለህ። ፈጪዋ እስክትጠይቅህ አትጠብቅ።